ቀረጡ ዜሮ፣ በሩ ዝግ

ልጇን ለመጠየቅ ወደ ለንደን የምትጓዝ እናት ሻንጣዋ ውስጥ ምን እንደምትከት ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ከዚያም የተነጠረ ቅቤ፣ ቋንጣ፣ ቦታ ከተረፈ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ማር ትይዛለች። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ በርበሬውና ሽሮው ብዙም ጥያቄ አያስነሱም። ማሩም ከ2 ኪሎ ካልበለጠ ያልፋል። ቅቤውና ቋንጣው ግን በሕግ ክልክል ናቸው፤ ከተገኙ ተወስደው ይወገዳሉ። ቅቤው ንጹሕ መሆኑን፣ ላሚቱንም ከጥጃነቷ ጀምሮ እንደምታውቃት ብትናገር ለውጥ የለውም። ለፈታሹ ዋናው ጉዳይ የቅቤው ጥራት ሳይሆን ቅቤው የተነሣበት አገር ነው።

ይህ አሠራር ለእኛ የቆየ ነው። ለእንግሊዞቹ ግን አዲስ ነገር ሆኖባቸዋል። በጃንዋሪ 2021 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከእንግሊዝ በመርከብ ተሻግረው ሆላንድ የደረሱ የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ለመንገድ ስንቅ የያዙት ዳቦ በጉምሩክ ሠራተኞች ሲወሰድባቸው የሆላንድ ቴሌቪዥን ቀርጾ አሳየ። በዳቦዎቹ መሐል የአሳማ ሥጋ ነበረበት። አንዱ አሽከርካሪ “ሥጋውን ውሰዱና ዳቦውን ተዉልኝ” ብሎ ቢለምንም አልተፈቀደለትም። ሠራተኛው “እንኳን ወደ ብሬግዚት በደህና መጡ” ብሎ ሸኘው። ዓለም ሳቀ። በዚያው ሰሞን ግን በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ገጠሮች የሚኖሩ አርሶ አደሮች፣ አርቢዎችና ዓሣ አስጋሪዎች የሚስቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። ከአሽከርካሪው ስንቅ የወሰደው ሕግ እነሱንም ከገበያቸው አግዷቸው ነበርና።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት በጁን 2016 ሕዝበ ውሳኔ አካሄደች፤ በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች፤ የሽግግር ጊዜው ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ አበቃ። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ለአርቢው ምቹ ነበሩ። ከ1993 ጀምሮ የኅብረቱ አባል አገሮች በመካከላቸው የነበረውን የድንበር ፍተሻ አንስተው ቁጥጥሩን ወደ እርሻው፣ ወደ ቄራውና ወደ ማቀነባበሪያው አዛውረውት ነበር። ሁሉም በአንድ ሕግ ይተዳደራሉ፤ አንዱ አገር የፈተሸውን ሌላው ይቀበላል። ስለዚህ ዌልስ ውስጥ ማታ የታረደ በግ በማግሥቱ ፓሪስ ገበያ ላይ ሊሰቀል ይችል ነበር። በመሐል የሚያስቆመው የእንስሳት ሐኪም አልነበረም። ሐኪሙ ቄራው ውስጥ ሥራውን ጨርሷል።

ከሽግግሩ ጊዜ ፍጻሜ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 2020 ብሪታኒያና ኅብረቱ የንግድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ዋና ዜናው “ዜሮ ቀረጥ፣ ዜሮ ኮታ” የሚል ነበር። በግ አርቢው እፎይ አለ። ያለ ስምምነት ቢወጡ ኖሮ በበግ ሥጋ ላይ ከ40 በመቶ በላይ ቀረጥ ይጣል ነበርና። ስምምነቱ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። የእንስሳትና የዕፅዋት ጤና ሕጎችን በተመለከተ አንዱ የሌላውን ፍተሻ እንዲቀበል የሚያደርግ አንቀጽ አልነበረውም። በኅብረቱ ዓይን ብሪታኒያ በአንድ ሌሊት “ሦስተኛ አገር” ሆነች። ብራዚልና ኒውዚላንድ ሥጋቸውን ሲልኩ የሚያልፉበትን ደንብ እሷም ማለፍ ግድ ሆነባት።

ያ ደንብ ምን ይጠይቃል? በቅድሚያ አገሪቱ ራሷ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ መግባት አለባት። ቀጥሎ ቄራው ወይም ማቀነባበሪያው በስምና በቁጥር ተመዝግቦ መጽደቅ ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጭነት በመንግሥት ዕውቅና የተሰጠው የእንስሳት ሐኪም ፈርሞ ማኅተም ያሳረፈበት የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ሐኪሙ የሚፈርመው “ሥጋው ጥሩ ነው” ብሎ ብቻ አይደለም፤ እንስሳው የት እንዳደገ፣ አካባቢው ከየትኞቹ በሽታዎች ነጻ እንደሆነ፣ የት እንደታረደ ጭምር ያረጋግጣል። ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ለተቀባዩ ወደብ በኮምፒውተር ይነገራል። ወደቡ ሲደርስ ደግሞ በድንበር ፍተሻ ጣቢያ ይቆማል፦ ወረቀቱ ይታያል፤ ወረቀቱና ዕቃው መመሳሰላቸው ይረጋገጣል፤ ከጭነቶቹም የተወሰኑት ተከፍተው ናሙና ይወሰድባቸዋል። አንዲት ማኅተም በተሳሳተ ገጽ ላይ ብታርፍ፣ የወረቀቱ የቀለም ልዩነት እንኳ ጥያቄ ቢያስነሳ ጭነቱ ይዘገያል። ቀረጡ ዜሮ ነው፤ ሥጋው ግን ወደብ ላይ ቆሟል።

በተለይ የተጎዳው ትንሹ ላኪ ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት 20 ቶን ተመሳሳይ ሥጋ በአንድ መኪና ሲጭን አንድ ምስክር ወረቀት ይበቃዋል። ከ10 ትንንሽ አምራቾች የተሰበሰበ አይብ፣ ዓሣና ሥጋ በአንድ መኪና የሚጭን አጓጓዥ ግን ለእያንዳንዱ ምርት የየራሱ ወረቀት ያስፈልገዋል። ከመካከላቸው የአንዱ ወረቀት ቢጎድል የሁሉም ጭነት አብሮ ይቆማል። በጃንዋሪ 2021 የስኮትላንድ ዓሣና የባሕር ምርት የጫኑ መኪኖች በዚህ ምክንያት ለቀናት ተጉላሉ፤ ዓሣ ደግሞ ለወረቀት ብሎ አይጠብቅም። በወሩ አጋማሽ የተቆጡ ነጋዴዎች መኪኖቻቸውን ይዘው እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ድረስ ሄደው ተቃውሟቸውን አሰሙ።

ጭራሽ በሩ የተዘጋባቸውም አሉ። የኅብረቱ ሕግ ከሦስተኛ አገር ትኩስ (ያልቀዘቀዘ) የተፈጨ ሥጋና ጥሬ ቋሊማ እንዲገባ አይፈቅድም፤ መግባት የሚችለው በረዶ ሆኖ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝነኛው የእንግሊዝ ጥሬ ቋሊማ ከገበያው ወጣ። በዛጎል ውስጥ የሚኖሩ የባሕር እንስሳትን በሕይወት እያሉ የሚልኩ አምራቾችም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠማቸው። ውኃቸው አንደኛ ደረጃ ንጽሕና ከሌለው እንስሳቱን በቅድሚያ እዚያው ካላጸዱ መላክ ተከለከሉ፤ ቀድሞ ግን ጽዳቱ አውሮፓ ከደረሱ በኋላ ይከናወን ነበር። ስኮትላንድ በጥራቱ የምትታወቅበት የዘር ድንችም ወደ ኅብረቱ አገሮች መሄዱ ቆመ። ድንቹ አልታመመም፤ አፈሩም አልተለወጠም። የተለወጠው ሕጋዊ ስሙ ነው።

የዝርያ እንስሳት ጉዳይ ከሁሉም ይገርማል። ለማራቢያ የሚፈለጉ ኮርማዎችና በጎች ወደ አውሮፓ እንዳይሄዱ በሕግ አልተከለከሉም። ነገር ግን በቁም የሚሄድ እንስሳ የሚፈተሽበት ጣቢያ፣ ማለትም በረት፣ ውኃ፣ ሐኪምና ማረፊያ ያለው ቦታ፣ ከእንግሊዝ ፊት ለፊት ባሉት የፈረንሳይ ወደቦች አልነበረም። ፈረንሳዮቹም ለጎረቤታቸው ሲሉ ለመሥራት አልቸኮሉም። ሕጉ “ይቻላል” ይላል፤ መሬት ላይ ግን የሚያልፍበት መንገድ የለም። በእኛም አገር የወረቀት ፈቃድ በእጁ ይዞ ማቆያ ጣቢያ ያጣ ነጋዴ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ምስክር ወረቀት የሚፈርመው ሐኪም ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄም ነበር። በብሪታኒያ ቄራዎች የሥጋ ጤንነትን የሚቆጣጠሩት የእንስሳት ሐኪሞች እጅግ የሚበዙት ከውጭ የመጡ፣ በተለይም የስፔንና የሮማኒያ ልጆች ናቸው። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ቄራ ውስጥ ከመቆም ይልቅ የውሻና የድመት ክሊኒክ መክፈትን ይመርጣል፤ ይህም በእኛ አገር ያልታወቀ ምርጫ አይደለም። አገሪቱ ከኅብረቱ ስትወጣ በነጻ የመዘዋወር መብት አከተመ። ከኅብረቱ አገሮች መጥተው በብሪታኒያ የተመዘገቡ የእንስሳት ሐኪሞች ቁጥር በ2019 1,132 የነበረው በ2021 ወደ 364 ወረደ። ፊርማ በብዛት በተፈለገበት ጊዜ ፈራሚው አነሰ ማለት ነው።

እስካሁን ያየነው ወደ ውጭ የሚላከውን ነው። ወደ ውስጥ የሚገባውስ? የብሪታኒያ አርሶ አደሮችን ከምንም በላይ ያንገበገባቸው ይህ ክፍል ነው። ኅብረቱ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የእነሱን ምርት ሙሉ በሙሉ ሲፈትሽ የራሳቸው መንግሥት ግን ከቁም እንስሳትና ከፍተኛ ሥጋት አለባቸው ከተባሉ ጥቂት ምርቶች በስተቀር ከኅብረቱ የሚመጣውን ሥጋ፣ ወተትና አይብ ያለ ጤና ምስክር ወረቀት ማስገባቱን ቀጠለ። ፍተሻው በ2021 ይጀመራል ተባለ፤ ተራዘመ። ወደ 2022 ተገፋ፤ እንደገና ተራዘመ። በአጠቃላይ 5 ጊዜ ቀጠሮ ተቀየረ። በኤፕሪል 2022 ጉዳዩን ይመሩ የነበሩት ሚኒስትር ጃኮብ ሪስ ሞግ ቁጥጥሩን መጀመር ራስን በራስ መጉዳት ነው ሲሉ ተከራከሩ። የምግብ ዋጋ በናረበት ወቅት በአስመጪው ላይ ተጨማሪ ወጪ መጫን አይገባም ማለታቸው ነበር። ከመውጣቱ ዘመቻ ግንባር ቀደም መሪዎች አንዱ ይህን ማለታቸው ብዙዎችን አስገርሟል።

ክርክራቸው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። ብሪታኒያ ከውጭ ከምታስገባው ምግብ ውስጥ ብዙው ከአውሮፓ የሚመጣ ነው፤ ፍተሻ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ሆኖም የአርሶ አደሮቹ ብሔራዊ ማኅበር በወቅቱ በፕሬዚዳንቷ ሚኔት ባተርስ በኩል ሁለት ነገር አነሣ። አንደኛው ፍትሕ ነው፦ እኛ ለፍተሻ እየከፈልን ተወዳዳሪያችን በነጻ ይገባል። ሁለተኛው በሽታ ነው።

የበሽታው ሥጋት ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ 2001 መመለስ ያሻል። በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ በኤሴክስ በሚገኝ ቄራ የቀረቡ አሳማዎች ላይ አፍተግር (የአፍና የእግር በሽታ) ታየ። መነሻው በሰሜን እንግሊዝ የሚገኝ አንድ የአሳማ እርሻ ሆኖ ተገኘ፤ እርሻው አሳማዎቹን በሚገባ ያልተቀቀለ የምግብ ቤት ትርፍራፊ ይመግብ ነበር። በትርፍራፊው ውስጥ በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ሥጋ ሳይኖርበት አልቀረም ተብሎ ይታመናል። ከዚያ በኋላ የሆነው ገና ከአገሬው አእምሮ አልጠፋም። ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገድለዋል፤ ሬሳቸው በየመስኩ እየተቆለለ ሲቃጠል ጭሱ ከሩቅ ይታይ ነበር። የገጠር መንገዶች ተዘጉ፤ አገራዊ ምርጫው በአንድ ወር ተራዘመ። አጠቃላይ ኪሳራው ወደ 8 ቢሊዮን ፓውንድ ይገመታል። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ምናልባት ከአንድ ሻንጣ የማይበልጥ ሥጋ ነው።

እኛ ዘንድ አፍተግር ከብቱን ሁልጊዜ አይገድልም። በሬው ያነክሳል፤ አፉ ይቆስላል፤ የእርሻ ወቅት ያልፍበታል፤ ላሟ ወተት ታቆማለች። ባለቤቱም “ያልፋል” ብሎ ይታገሣል። ከበሽታው ነጻ በሆነ አገር ግን አንዲት የታመመች ላም መገኘቷ የአገሩን ሁሉ የሥጋ ንግድ በአንድ ቀን ያቆማል። ስለዚህ ነው የሚገድሉት።

ብሪታኒያ በመጨረሻ ቁጥጥሩን የጀመረችው በ2024 ነው። ከጃንዋሪ 31 ጀምሮ መካከለኛ ሥጋት አለባቸው የተባሉ የእንስሳት ምርቶች ከኅብረቱ ሲመጡ የጤና ምስክር ወረቀት እንዲይዙ ተደረገ፤ ከኤፕሪል 30 ጀምሮ ደግሞ በአካል መፈተሽ ተጀመረ። በመካከሉ የባከነው ገንዘብ ትንሽ አይደለም። የአገሪቱ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት በሜይ 2024 ባወጣው ሪፖርት መንግሥት ከመውጣቱ ጋር የተያያዙ የድንበር ቁጥጥሮችን ለማደራጀት ቢያንስ 4.7 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚያወጣ አስልቷል። ፖርትስማውዝ ወደብ ወደ 25 ሚሊዮን ፓውንድ የፈጀ ዘመናዊ የፍተሻ ጣቢያ ገነባ፤ ደንቡ በየጊዜው ሲለዋወጥና ፍተሻው ሲቀልል ግን ሕንፃው ከሥራው በላይ ሆኖ ቀረ።

የዶቨር ጉዳይ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። ዶቨር ከፈረንሳይ የሚመጣው መኪና የሚጎርፍበት ዋና ወደብ ነው። በገደልና በባሕር መካከል የተጨናነቀ ስለሆነ የፍተሻ ጣቢያው የተሠራው ወደቡ ላይ ሳይሆን 35 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ሴቪንግተን በተባለ ቦታ ነው። ለፍተሻ የተጠራ መኪና ከመርከብ ወርዶ በተራው አውራ ጎዳና፣ ያለ አጃቢ፣ በራሱ ጊዜ ወደዚያ ይነዳል። የወደቡ የጤና ቁጥጥር ኃላፊዎች ሕገ ወጥ ሥጋ የጫነ ሰው በመንገድ ላይ አራግፎ ለመሄድ ምን ይከለክለዋል ብለው ደጋግመው ጠየቁ። መንግሥት ጭነቶቹ አስቀድመው የተመዘገቡ ስለሆኑ ሥጋቱ አነስተኛ ነው ሲል መለሰ። መልሱ ሕግ ለሚያከብረው ነጋዴ ትክክል ነው። ሕገ ወጡ ግን አስቀድሞ አይመዘገብም። በሴፕቴምበር 2025 የፓርላማው የግብርና ጉዳዮች ኮሚቴ በድንበር ስለሚገባው ሕገ ወጥ ሥጋ ባወጣው ሪፖርት ሁኔታውን “ቀውስ” ብሎ ጠርቶታል። በመለስተኛ መኪኖች ውስጥ፣ በአንሶላና በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ያለ ማቀዝቀዣ የሚመጣ ሥጋ በተደጋጋሚ መያዙን የዶቨር ፈታሾች ይናገራሉ።

ክፍያውንም እንመልከት። በዶቨርና በባሕር ሥር ባለው የባቡር መስመር በኩል ለሚገቡ ምርቶች መንግሥት የጋራ መጠቀሚያ ክፍያ ጣለ። ለአነስተኛ ሥጋት 10 ፓውንድ፣ ለመካከለኛና ከፍተኛ ሥጋት ደግሞ ለእያንዳንዱ የምርት ዓይነት 29 ፓውንድ ነው፤ ለአንድ ጭነት ጣሪያው በ5 ዓይነት ታስሮ 145 ፓውንድ ሆነ። መኪናው ይፈተሽም አይፈተሽም ይከፈላል። እንግዲህ እናስላው። አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት 20 ቶን አንድ ዓይነት ምርት ቢያስገባ 29 ፓውንድ ይከፍላል፤ በኪሎ ሲካፈል ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አንድ ትንሽ ባለሱቅ ከጣሊያን 5 ዓይነት ምርት 10፣ 10 ኪሎ ቢያስመጣ 145 ፓውንድ ይከፍላል፤ በኪሎ 2 ፓውንድ ከ90 ሳንቲም ደረሰበት ማለት ነው። ይህም ጣሊያን ውስጥ ለሚፈርመው ሐኪም የሚከፈለውን ሳይጨምር ነው። በሽታን ለመከላከል የወጣ ደንብ በተግባር ትንሹን ከገበያ አስወጥቶ ትልቁን ያሳድጋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከደንቡ ሁሉ ይህን ያህል ያልታሰበበት ክፍል አላገኘም።

ፍተሻው በተጀመረ በ9ኛው ወር ገደማ የተፈራው ደረሰ፤ ደግነቱ በእንግሊዝ ሳይሆን በአውሮፓ ነበር። በጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ጀርመን በበርሊን አቅራቢያ በሚገኝ የውኃ ጎሽ መንጋ ላይ አፍተግር መገኘቱን አሳወቀች፤ ከ1988 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በማርች ሃንጋሪና ስሎቫኪያ ከ50 ዓመት በላይ ርቋቸው የቆየው በሽታ ገባባቸው። ብሪታኒያ ከነዚህ አገሮች የሚመጡ የቀንድ ከብት፣ የበግና የአሳማ ምርቶችን ወዲያው አገደች። እዚህ ላይ ከኅብረቱ መውጣት የሰጠውን ጥቅም መካድ አይገባም። የኅብረቱ አባላት በሽታው ያለበትን ክልል ብቻ አጥረው ከቀረው አገር ጋር ንግዱን ሲቀጥሉ ብሪታኒያ ማንንም ሳትጠይቅ መላውን ጀርመን ዘጋች። በኤፕሪል 12 ቀን ደግሞ ማንኛውም መንገደኛ ከየትኛውም የኅብረቱ አገር ለግል ፍጆታ እንኳ የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ተከለከለ። ቅጣቱ በከባድ ሁኔታ እስከ 5,000 ፓውንድ ይደርሳል። ከሂትሮው ያስቀረችው የእናታችን ቅቤ ከፓሪስ ከመጣ አይብ ጋር በአንድ ሕግ ሥር ዋለ።

ሰሜን አየርላንድን ሳያነሡ ይህን ጉዳይ መጨረስ አይቻልም፤ ግን ውስብስቡ ብዙ ስለሆነ በአጭሩ እንለፈው። በአየርላንድ ደሴት ላይ የመሬት ድንበር ዳግም እንዳይቆም ሲባል ሰሜን አየርላንድ በምግብና በእንስሳት ጤና ሕግ ከኅብረቱ ጋር እንድትቆይ ተደረገ። ስለዚህ ፍተሻው በአንድ አገር ውስጥ፣ በብሪታኒያና በሰሜን አየርላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ አረፈ። በ2021 ለሰሜን አየርላንድ መደብሮች የሚላክ ጥሬ ቋሊማ በለንደንና በብራስልስ መካከል እውነተኛ የዲፕሎማሲ ጠብ አስነሣ። በፌብሩዋሪ 2023 የተደረሰበት የዊንድሰር ማዕቀፍ እዚያው ለሚበላ ምግብ ፈጠን ያለ መተላለፊያ ከፈተ፤ በምትኩ በዕቃው ላይ “ለአውሮፓ ኅብረት አይደለም” የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍ ተስማሙ። አንድ ሊትር ወተት ላይ የፖለቲካ ታሪክ ተጽፎ ማንበብ የተለመደው እዚያ ነው።

በሜይ 19 ቀን 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመርና የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ዴር ላየን ለንደን ላይ ተገናኝተው የጋራ የእንስሳትና የዕፅዋት ጤና ቀጣና ለመመሥረት ለመደራደር ተስማሙ። ይህ ሥራ ላይ ሲውል አብዛኛው ምስክር ወረቀትና የዕለት ፍተሻ ይቀራል፤ ቋሊማውም ሊመለስ ነው። ዋጋው ግን አለው። ብሪታኒያ ኅብረቱ የምግብ ሕጉን በለወጠ ቁጥር አብራ ልትለውጥ፣ የድምፅ መብት ሳይኖራት ልትከተል፣ በሕጉ ትርጉም ላይ ክርክር ሲነሣ የኅብረቱ ፍርድ ቤት የመጨረሻ ቃል እንዲሰጥ ልትቀበል ነው። “ታዲያ ለምን ወጣን?” የሚሉ አሉ። “ገበያ ከሌለ ነጻነት ለበግ አርቢ ምን ይጠቅመዋል?” የሚሉም አሉ። ለዚያ ሁሉ ፍተሻ የተሠሩት ጣቢያዎች ምን ሊሆኑ ነው የሚለው ደግሞ ወደቦቹን የሚያስጨንቅ ሌላ ጥያቄ ነው። ከኅብረቱ በሚመጡ አትክልትና ፍራፍሬዎች ላይ በጁላይ 2025 ሊጀመር የነበረው ፍተሻ ወዲያው ወደ 2027 መጀመሪያ ተገፋ።

ይህ ሁሉ ከእኛ አርብቶ አደርና አርሶ አደር ጋር ምን ያገናኘዋል? ኢትዮጵያ በእጅጉ ካላደጉ አገሮች አንዷ በመሆኗ ምርቷ ወደ አውሮፓ ኅብረትም ሆነ ወደ ብሪታኒያ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ እንዲገባ ተፈቅዶላታል። እንግሊዛዊው በግ አርቢ በ2020 የገና ዋዜማ ያገኘው ዕድል እኛ ዘንድ ከዚያ በፊት ነበር። ሆኖም የኢትዮጵያ የበሬ ሥጋ በለንደንም ሆነ በፓሪስ ሱቅ አይሸጥም። በሩን የዘጋው ቀረጥ ሳይሆን አፍተግር ነው፤ በሽታው በአገራችን በየጊዜው ስለሚከሠት አገሪቱ የሥጋ ላኪዎች ዝርዝር ውስጥ የለችም። የቢሾፍቱና የሞጆ ቄራዎች የፍየልና የበግ ሥጋ በአውሮፕላን የሚልኩት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው።

እነዚያም ቢሆኑ ሲፈሩ ይዘጋሉ። በ2000 በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሲነሣ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን የቁም እንስሳ አገደች። እገዳው እስከ 2009 ዘለቀ። በበርበራ ወደብ በኩል ይሻገር የነበረው የሶማሌ ክልል በግና ፍየል ገበያ አጣ፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድርበት መንጋ በእጁ ያለ ሰው እህል መግዣ ቸገረው። መንጋው ጤነኛ ነው ብሎ የሚፈርም፣ ገዢውም ፊርማውን የሚያምንለት ሐኪም በበቂ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በጅቡቲ በ2006 የተከፈተው የእንስሳት ማቆያ፣ በአፋር ሚሌ የተሠራውም ማቆያ የታሰቡት ለዚሁ ነው።

ከእንስሳት ምርታችን ውስጥ ወደ አውሮፓ የመግባት ፈቃድ ያገኘው ማር ነው። ኢትዮጵያ በ2008 ማር ወደ ኅብረቱ መላክ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገባች። የገባችው ማሩ ስለጣፈጠ አይደለም፤ ድሮም ጣፋጭ ነበር። በማሩ ውስጥ የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ቅሪት አለመኖሩን የሚያሳይ የክትትል ዕቅድ ተዘጋጅቶ ናሙናዎች በቤተ ሙከራ እየተመረመሩ ውጤቱ ስለሚቀርብ ነው። ዕቅዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ናሙናው ካልተወሰደ ወይም ውጤቱ ካልቀረበ ስሙ ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የሰብል መድኃኒት የሚረጭ ባለማሳ ለጎረቤቱ ንብ አናቢ አስቀድሞ ሳይነግር፣ ቀፎው ሳይከደን አበባ ላይ በጠራራ ፀሐይ ቢረጭ ጉዳቱ በሞቱት ንቦች ብቻ አያበቃም፤ በዚያ ወር ከዚያ ቀበሌ የተነሣው ናሙና ቤተ ሙከራ ሲደርስ ሌላ ወሬ ይናገራል።